የብርነሽ ድስትና ሦስቱ ጺማሞች

«ሁሉ ነገር ድሮ ተጽፎ አልቋል» የሚል ምሁር የሌለበት ኮንዶሚኒየም የለም። ካለ አድራሻውን ንገሩኝ፤ ዛሬውኑ ዕቃዬን ጭኜ እገባለሁ። የእኛ የሰሚቱ ክቡር ዶክተር ገሰሰ ይባላሉ። አራተኛ ፎቅ፣ ከእኛ በላይ ይኖራሉ፤ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ ያስተምራሉ። ትምህርቱን የመሠረቱ ሦስት ጺማም ፈረንጆች አሏቸው፤ «አባቶች» ነው የሚሏቸው። ስማቸውን እዚህ አልጠራም፤ ተናድጃለሁ!

ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን ተሸክመን ደረጃው ላይ ስናለከልክ፣ ዶክተር ቆም ብለው «በዚህም አባቶች ቀድመውናል» ይላሉ። እስካሁን ጀሪካን ያገዘኝ አባት ግን አላየሁም።

አንድ ቀን ሾላ ገበያ አብሬያቸው ሄጄ ጉዴ ፈላ። ሽንኩርት ሻጩን ሱሌማንን ስለ መደብ ትግል ሲያስረዱት፣ እሱ «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» እያለ ደህና ደህናውን ከኋላችን ለቆመችው ሴትዮ መዘነላት። ለእኛ የበሰበሰው ተረፈን። ዶክተር ፌስታሉን ከፍተው አዩና «በዚህም ቀድመውናል» አሉ። ኧረ በሕግ!

ይሄን ሁሉ ችዬ ነበር። ልጄን ሲነኩብኝ ግን አልቻልኩም። ማኅደር ማስተርሷን እየጨረሰች ነበር፤ አማካሪዋ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሳቸው! የመመረቂያ ጥናቷ ስለ ድስት ነው። አትሳቁ። የዶክተር ባለቤት ብርነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንደ እኛው ክርስቲያን ነበረች። ሕንጻው ላይ ድግስ ሲኖር ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሳይሳቀቁ እንዲበሉ ብላ አንድ ትልቅ ድስት ለብቻው ገዛች። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሙስሊሟ ጎረቤታችን ራሕማ ቤት አስቀመጠችው፤ ከራሕማ በቀር ማንም አይሠራበትም። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያዝ፣ ማንም ስብሰባ ሳይጠራ፣ የጎረቤት ሕንጻ ሴቶችም እንደዚያው አደረጉ። ማኅደር «የማይተዋወቅ ሰው አዲስ ሰፈር ገብቶ እንዴት ነው ጎረቤት የሚሆነው?» ብላ ያላንኳኳችው በር የለም።

ዶክተር ምን አሉ? «የአባቶች ምዕራፍ የታለ?» ጻፈች። «አሳጥረሽዋል» አሉ። አስረዘመች። ድስቱ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ሲሸሽ መጨረሻ ላይ ተወሸቀ። ልጄ «እማ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ኮንዶሚኒየም አያውቁም!» ብላ አለቀሰች።

ሽቅብ ወጥቼ በራቸውን ደበደብኩት። «ዶክተር፣ የገዛ ባለቤትዎ ድስት እኮ ነው! ትንሽ አያፍሩም?»

«ያለ አባቶች ከገባች ፈታኞቹ ይጥሏታል» አሉና በሩን ዘጉብኝ። በእኔ ላይ!

ጥናቷን የምትከላከልበት ቀን ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ፈታኝ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ድስቱ ቆንጆ ነው» አላት። «ግን ይሄን ሐሳብ ከአባቶች ማን ነው ቀድሞ ያለው? ማንም ካላለው እንዴት ነው የማሳልፍሽ?»

እኔ ጫማዬን አውልቄ ልወረውርበት ጎንበስ ስል ዶክተር ገሰሰ ተነሡ። አለቀልን፣ አልኩ።

«ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ» አሉ። «እህል አልቀምስም ብዬ ነበር። ራሕማ በዚያ ድስት ሽሮ ሠርታ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክማ መጣች። ካልበሉ አልወርድም ብላ በሬ ላይ ተቀመጠች። በላሁ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ልኬን ያስተማርኳቸውን መጻሕፍት አገላብጫለሁ። ይሄ ነገር የለም።»

ፈታኙ «ታዲያ ማን ነው የቀደመው?» አለ።

«ብርነሽ ናት» አሉ። «በዚህስ ብርነሽ ቀድማቸዋለች።»

ቁጭ ብለው ኪሳቸውን ዳበሱ፤ መሐረብ አልነበራቸውም። የእኔን አቀበልኳቸው።

ማኅደር አለፈች። ወደ ሰሚት ስንመለስ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንዱ ጎረምሳ ከፊታችን ተሰነቀረ። ዶክተር ጣታቸውን ቀስረው «በዚህም አባቶች…» ብለው ጀመሩና እኔን አይተው ዋጥ አደረጉት። አሳዘኑኝ።

«ይንገሩኝ እንጂ» አልኳቸው። «የትኛው ጺማም ነው?»