እናቶች የሚያምኑት ልጅ ባሕር ዳር ሄደ

በዓለም ላይ ያለው የሐበሻ ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ እናቶች የሚያምኑት አንዱ፣ እና የቀረነው ሁላችን። ለንደን ውስጥ የትኛውም ሰፈር ብትሄዱ ይህን አንዱን አታጡትም። ሠርግ ላይ ወንበር የሚደረድረው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ሳህን የሚሰበስበው እሱ ነው። ከካውንስሉ፣ ከሰፈሩ አስተዳደር፣ ደብዳቤ ሲመጣ ፖስታው ሳይቀደድ ወደ እሱ ይላካል። ልጅ አምሽቶ አልገባ ሲልም የሚደወለው ለልጁ አይደለም፤ ለእሱ ነው።

ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር ኪዳነወልድ ናቸው። አንቱ ያልኩት ለዕድሜው አይደለም፤ ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። አንቱ ያልኩት ለሥልጣኑ ነው። ሰፈራችን ሃርልስደን ውስጥ "ኪዳኔ አለ?" ሳትል ልጇን ከበር የምታስወጣ እናት የለችም። ልደት ተጠርተናል ስንል "ኪዳኔ አለ?" ላይብረሪ እናመሻለን ስንል "ኪዳኔ አለ?" ካለ እንሄዳለን፣ ከሌለ ቁጭ ነው። ሌላው ሰው ቪዛ ከኤምባሲ ያወጣል፤ እኛ ከኪዳነወልድ።

የጓደኛችን የአኑዋር እናት እንኳ፣ ልጃቸው ጁምዓ ሰግዶ መውጣቱን በደቂቃ የሚቆጣጠሩት ሴትዮ፣ "ከኪዳኔ ጋር ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍም ቢያመሽ ግድ የለኝም" ብለዋል። ይህን የሰማሁት ከራሳቸው አፍ ነው።

ይህን ሁሉ ሥልጣን እንዴት አገኘው ብትሉ፣ ትልቅ ሰው ሲደውልለት ከተቀመጠበት ይነሳል። ቀልዴን አይደለም፤ ይነሳል። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ከወገቡ ጎንበስ፣ ቀና እያለ "አቤት እትዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?" ይላል። አንድ ቀን ባስ ውስጥ እንዲህ ሲነሳ አንዲት ጃማይካዊት አሮጊት ቦታውን የለቀቀላቸው መስሏቸው አመስግነው ተቀመጡበት። ክቡርነቱም እስከ ፓርክ ሮያል ድረስ ቆሞ ሄደ።

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኪዳነወልድ ለንደን የመጣው በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ብቻውን ነው። እናቱ ደብረ ታቦር ናቸው። የሚኖረው ከእኛ ሰፈር ራቅ ብሎ ሃክኒ፣ በሩ ሲከፈት አልጋውን በሚገጭ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እሑድ እሑድ ምሳውን የሚበላው በየተራ እነዚሁ እናቶች ቤት ነው፤ የታመመ ጊዜም ሾርባ የተላከለት ከሦስት ቤት ነው። ለእኛ የእናቶች እምነት ከቤት መውጫ ሰበብ ነው። ለእሱ ግን እዚህ አገር ያለው ቤተሰብ ያ ብቻ ነው። አንዲት እናት ተነሥታ "ለካ ኪዳኔም እንደ ሌላው ነው" ያለች ዕለት ምን እንደሚቀረው አላውቅም። እሱ ያውቀዋል። ጥንቃቄው ሁሉ ከዚያ ይመነጫል።

አሁን ወደ ጉዞው ልምጣ። በግንቦት ፈተና እንደጨረስን ጓደኛችን ብሩክታዊት ስልኳን ይዛ መጣች። እሷ ማለት ስታጠና በየአሥር ደቂቃው የጣልያን ባሕር ዳር ፎቶ የምታይ ልጅ ናት። "ጋይስ፣ ሲሪየስሊ፣ ዓርብ ጣልያን ሄደን ሰኞ ጠዋት እንመለሳለን" አለች። አኑዋር እሺ አለ፤ እኔም እሺ አልኩ። ኪዳነወልድ ግን ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛ፣ ቀኑ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ይሁን፤ ጾም የለም፣ የሚቸገር ሰው አይኖርም። ሁለተኛ፣ እያንዳንዷ እናት ትጠየቅና በአፏ እሺ ትበል።

ተጠየቁ። ማለቴ፣ የእነሱ ተጠየቁ። የእኔ አልተጠየቀችም።

እናቴ ወይዘሮ እታለማሁ ፓርክ ሮያል ሳንድዊች ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። ብዙ ነገር ትፈቅዳለች፤ ድንበር ላይ ግን አቋም አላት። "ሰው ለመዝናናት ብሎ ድንበር አይሻገርም" ትላለች። እሷ በዘመኗ ሁለት ድንበር በእግሯ ተሻግራለች፣ ሁለቱንም አልወደደቻቸውም። ስለዚህ ብራይተን ላይ የወጣቶች ጉባኤ አለ አልኳት።

"ኪዳኔ አለ?"

"አለ።"

"እንግዲያው ሹራብ ያዢ" አለች፣ አለቀ። ለኪዳነወልድ ደግሞ "እማዬ እሺ ብላለች" አልኩት። እሺ ብላለችኮ፤ ያልተነጋገርነው የቱ ባሕር እንደሆነ ብቻ ነው።

ከኪዳነወልድ ጋር መጓዝ ከአንድ ክፍለ ጦር ጋር መጓዝ ነው። ፋርማሲ ስለሚማር ሻንጣው ግማሹ መድኃኒት ነበር፤ ለራስ ምታት፣ ለሆድ፣ ለንብ፣ ለፀሐይ፣ አኑዋር በሕይወቱ ኖሮት ለማያውቅ አለርጂ ሳይቀር። ከአውሮፕላን ስንወርድ ቆጠረን። ባቡር ስንሳፈር ቆጠረን። አራት ሰው ለመቁጠር በጣቱ ይጠቁማል፤ አንዳንዴ ራሱን ይረሳና ሦስት ሆነን ይደነግጣል። ደግሞም በየፌርማታው ፎቶ አንስቶ ለእናቶች ይልካል፦ "ጄኖቫ ደርሰናል፣ ሁሉም ደኅና ነው፣ ምሳ በልተዋል።" ለእናቴም እንዳይልክ ስልኳ ተበላሽቷል ብዬው ነበር። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ገና ዓርብ ሳይመሽ መቅለል ጀምሯል።

ያረፍነው ካሞሊ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ቤቶቹ ሮዝ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫ ሆነው ውኃው አፋፍ ላይ ተደርድረዋል። ቤት ያከራዩን ሲኞራ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥቁር ቀሚስ የለበሱ ሴት ናቸው። እኛን ሦስታችንን ከላይ እስከ ታች በጥርጣሬ አዩን። ኪዳነወልድ ግን የገበያ ዘንቢላቸውን ተቀብሎ አራት ፎቅ ወጣ። በቋንቋ አይግባቡም። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሴትዮዋ ጉንጩን ይዘው ቁልፉን ለእሱ ሰጡት፣ ከዚያ ወደ እኛ በጣታቸው እየጠቆሙ ረጅም ነገር ነገሩት። እሱም ደረቱን ይዞ ጎንበስ አለ።

"ምን አሉህ?" አልነው።

"እኔንጃ። ግን አደራ ነው" አለ።

ቅዳሜ ጠዋት አሸዋ ያለው ባሕር ፍለጋ ወደ ሞንቴሮሶ በባቡር ሄድን። መንገዱ ከዋሻ ወጥቶ ሌላ ዋሻ የሚገባ ነው። ጨለማ፣ ከዚያ ድንገት ሰማያዊ ባሕር፣ ከዚያ እንደገና ጨለማ። ከዋሻ በወጣን ቁጥር ኔትዎርክ ይመጣና ስልኮቻችን ይንጫጫሉ። የእኔ ላይ ከእናቴ ያላነሳኋቸው ሁለት ጥሪዎች አሉ፤ አንዱ የዓርብ ማታ፣ አንዱ የዚያው ጠዋት። እነሱን እያየሁ ሳለ የኪዳነወልድ ስልክ ጠራ።

"እትዬ እታለማሁ ናቸው!" አለና ሊያነሳው ብድግ አለ። "ስልካቸው ተሠራ ማለት ነው።"

እጁን ያዝኩት። "አታንሳው!"

የሚቀጥለው ዋሻ ስልኩን ዋጠልኝ። ጨለማው ውስጥ ሁሉንም ነገርኩት፤ ብራይተንን፣ ጉባኤውን፣ ሁሉንም። ብርሃን ሲመጣ ፊቱን አየሁት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ፍቅርተ፣ ስለዚህ እኔም ዋሽቻለሁ ማለት ነው" አለ።

"አንተ ምንም አላልክም እኮ!"

"ስሜን ሰምተው ነው እሺ ያሉት።"

ብሩክታዊት ነገሩን ልታበርድ ሞከረች። "ኪዳኔ፣ ፕሊዝ፣ በቪዲዮ ሲደውሉ ጀስት ግድግዳ ጋ ቁም። ብራይተንም ባሕር አለ፣ ማን ቼክ ያደርጋል?" አኑዋር እስከ ሰኞ ስልኩን እንዲዘጋ መከረ። ኪዳነወልድ ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ አልቆጠረንም፤ ያኔ ነው የምር የፈራሁት።

ሞንቴሮሶ እንደ ፎቶው ነው፤ ሎሚ ከየአጥሩ ተንጠልጥሏል፣ ጃንጥላዎቹ በመስመር ተተክለዋል፣ ውኃው ከሩቅ ይጠራል። አኑዋርና ብሩክታዊት እየጮኹ ገቡ። ኪዳነወልድ ሱሪና ሸሚዙን እንደለበሰ ጫማዎቻችንንና ቦርሳዎቻችንን ዙሪያውን ደርድሮ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምን ልበለው? ሦስት ዓመት ሙሉ ስሙን ስንጠቀምበት አንድም ቀን ስሙ የእሱ መሆኑን አስቤው አላውቅም። አፈርኩ። ማፈሬን ልነግረው አፌን ስከፍት ስልኩ ጠራ፤ በዚህ ጊዜ በቪዲዮ ነው።

ተነሣ። አሸዋው ላይ ቆመ። ግድግዳ አልፈለገም።

"አቤት፣ እትዬ።"

"ኪዳኔ፣ ልጄ፣ ጉባኤው እንዴት ነው?" አለች እናቴ። ድምፅዋ ማር ነው። በዚህ ድምፅ ስትናገር ነገር አለ ማለት ነው፤ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ነው የምደበቀው።

"እትዬ፣ ጉባኤ የለም" አለ። "ጣልያን አገር ነን። እርስዎን በአፌ ሳልጠይቅ ይዣት መጣሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከእንግዲህ ባያምኑኝ አልፈርድብዎትም።"

እኔ እናቴን አልነበረም የማየው፤ እሱን ነበር። የእሑድ ምሳዎቹ ሁሉ ከፊቱ ሲነሱ የሚያይ ሰው ይመስል ነበር።

"አውቃለሁ" አለች እናቴ።

"እ?"

"ከዓርብ ጀምሬ አውቃለሁ። የእንግሊዝ ስልክ ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የሚጠራው። የዚችን ስልክ ብደውል አንድ አንዴ፣ ረዘም እያደረገ ጠራ። እኔ ሃያ ዓመት በካርድ ስደውል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ኪዳኔ። የካርቱሙን፣ የቤሩቱን፣ የሮማውን ጥሪ ለይቼ ነው የማውቀው። ሌሊቱን ስበግን አደርኩ። ጠዋት ግን አንተ አብረሃት እንዳለህ ትዝ አለኝና ቁርሴን በላሁ። አሁን የደወልኩት አንተ ምን እንደምትለኝ ልሰማ ነው።"

ኪዳነወልድ ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ።

"እስቲ ባሕሩን አሳየኝ" አለች።

ስልኩን አዞረላት። ቀስ አድርጎ፣ ከሎሚዎቹ እስከ ወዲያኛው ድንጋይ ድረስ። እናቴ "ያምራል" አለች፤ ቃሉ ሳትፈልግ ያመለጣት ይመስል ነበር። ከዚያ "አንተስ ገባህበት?" አለችው።

"እኔ ዕቃ እየጠበቅኩ ነው፣ እትዬ።"

"እስከ መቼ ነው ዕቃ የምትጠብቀው? ለዚያች ስጣት ስልኩን።"

ስልኩን ተቀበልኩ። እርግማኑን በሁለት ትከሻዬ ልሸከም ተዘጋጅቻለሁ።

"አንቺን ሰኞ እናወራለን" አለች። "ወሬው የትም አይሄድም። አሁን ግን ስሚኝ፣ ይሄን ልጅ አደራ። ቤቴ መጥቶ እንኳ ሳህን ሲያጥብ ነው የሚውለው። እናቱ ሩቅ ናት፤ እሱን የሚያይ ሰው የለም። ባሕር ይግባ። አንቺ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ።"

ዘጋችው። በሃያ አንድ ዓመቴ ማንም ሰው ማንንም አደራ ብሎኝ አያውቅም፣ ልክም ነበሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ኪዳነወልድ ሁላችንን ሲቆጥር አንዳችንም እሱን ቆጥረነው አናውቅም። ያችን ሰዓት እንደ ወንድሜ እንደምወደው ገባኝ፤ ቀድሞ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

"ተነሥ፣ ግባ" አልኩት።

"ዋና አልችልም።"

"አኑዋር ይይዝሃል።"

"ቦርሳዎቹስ?"

"ኪዳኔ! እኔ አለሁ አይደል?"

አኑዋር ትርፍ ቁምጣውን አዋሰው። ኪዳነወልድ ሸሚዙን አወለቀና አጣጥፎ ጫማው ላይ አስቀመጠ፤ የጫማውን ክር ሳይቀር ወደ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ውኃው ጫፍ ደርሶ ቆመ። ቁርጭምጭሚቱ ሲርስ ጮኸ። ጉልበቱ ላይ ሲደርስ "ወላዲተ አምላክ!" አለ። አኑዋር በአንድ እጁ፣ ብሩክታዊት በሌላው ይዘውት እስከ ደረቱ ገባ። ማዕበል መጥቶ ፊቱን መታው። ሲወጣ እየሳቀ ነበር፤ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሳቅ ነው የሳቀው። እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

እጄ ላይ ስልኩ ጠራ። የአኑዋር እናት ናቸው።

"ኪዳኔ?"

"ፍቅርተ ነኝ፣ እትዬ። ኪዳኔ ባሕር ውስጥ ነው።"

"ውይ! ብቻውን?"

"ብቻውን አይደለም" አልኳቸው። "እኔ እያየሁት ነው።"