የፈርሂያ ሰባት

[መካነ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለች ኮምፒውተር ቤት። ባለቤቱ ሁዜይፋ ቅጽ እየሞላ ነው። የፈርሂያ አያት እማማ ሀዲያ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ስክሪኑን ያያሉ።]

ሁዜይፋ፦ አልጽፍም አልኩ አልጽፍም፣ እማማ ሀዲያ። በዚህች ልጅ ስም ላይ «ሲ» አልለጥፍም።

ሀዲያ፦ ቅጹ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ሲ አንድ ናት ይላል አላልከኝም?

ሁዜይፋ፦ ይበላ። ሠንጠረዡ ፈርሂያን የት ያውቃታል?

ሀዲያ፦ አንተስ ሠንጠረዡን ታውቀዋለህ?

ሁዜይፋ፦ [እየሳቀ] ይስሙኝማ። የልጅ ልጅዎ በእንግሊዝኛው ፈተና ከዘጠኝ ሰባት አምጥታለች። ነፃ ትምህርት የሚሰጧት ፈረንጆች ግን ቁጥሩን አይፈልጉም፤ «ወደ ደረጃ ቀይራችሁ ሙሉ» ነው የሚሉት። ደረጃው ከኤ አንድ እስከ ሲ ሁለት ነው።

ሀዲያ፦ እንደ ቁና በለኛ። የከላላ ገበያ ቁናና የእኛ ቁና አንድ አይደለም፤ ጤፉ ግን ያው ጤፍ ነው።

ሁዜይፋ፦ እርስዎ ደግሞ ሁሉን ነገር ገበያ ያወርዱታል። የተማሪ ካርድ ላይ ኤ ማለት ጎበዝ፣ ሲ ማለት ለጥቂት የተረፈ ነው። አንድ ደግሞ አንደኛ። ኤ አንድ ብዬ እልክላታለሁ፤ ማን ያይብኛል?

ሀዲያ፦ ውሸት አይሆንም?

ሁዜይፋ፦ ውለታ ነው እንጂ። እኔም አምና ኳታር ላለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ልሁን ብዬ ሳመለክት ለራሴ ኤ አንድ ብዬ ነው የሞላሁት። ምን ብለው መለሱልኝ? «ከማንም ጋር መነጋገር የማያስፈልግህ ሥራ እንስጥህ።»

ሀዲያ፦ አጂብ ነው።

ሁዜይፋ፦ ለክብሬ ነዋ። እኔው ነኝ እምቢ ያልኩት።

ሀዲያ፦ እስኪ ለራሷ ደውልላት።

ሁዜይፋ፦ ከአዲስ አበባ እየመጣች መኪና ላይ ናት፤ ጠዋት ውጤቱን ስትልክልኝ ባትሪዋ ሊያልቅ ነበር። ቅጹ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አንዴ ከተላከ ደግሞ አይታረምም። ሩብ ጉዳይ ነው። ቢስሚላህ ብዬ ልጫነው?

ሀዲያ፦ እጅህን አንሳ።

ሁዜይፋ፦ እማማ...

ሀዲያ፦ አንሳ አልኩህ፣ ልጄ። እናቷ አሥራ አንድ ዓመት ሪያድ የሰው ወለል እየወለወለች ያስተማረቻት እሷም መወልወያውን እንዳትወርስ ነው። ይህ በር ከተዘጋባት መንገዷ ወደዚያው ነው።

ሁዜይፋ፦ ደረጃውን አውቀዋለሁ እያልኩዎት።

ሀዲያ፦ የማታውቀውን ቁና ባዶውን አይተህ አትፈርድበትም፤ እህል ትሰፍርበታለህ። በል ስፈርበት። ከዘጠኝ ዘጠኝ ያመጣ ምን ይባላል?

ሁዜይፋ፦ እሱማ ሊቅ ነው።

ሀዲያ፦ አንተን አልጠየቅኩም። ሠንጠረዡ ምን ይለዋል?

ሁዜይፋ፦ [በጣቱ እየተከተለ] ሲ... ሁለት።

ሀዲያ፦ ሁለት ብቻ ያመጣውንስ?

ሁዜይፋ፦ ሁለት ያመጣማ ስሙን ጽፎ የወጣ ነው። እሱን እንኳ... [ጣቱ ሠንጠረዡ ላይ ይቆማል]

ሀዲያ፦ አንብበው እንጂ።

ሁዜይፋ፦ ኤ አንድ።

ሀዲያ፦ እኔ በስልሳ ሁለት ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ስገባ ደረጃ አንድ ነበርሁ። እርሳሱን በየት በኩል እንደሚይዙት አላውቅም። አንደኛ ወጣሁ ብዬ ግን ጎረቤት አልጠራሁም።

[ሁዜይፋ ኤውን ያጠፋል፤ «ሲ አንድ» ብሎ ይጽፋል፤ መላኪያውን ይጫናል።]

ሀዲያ፦ ሄደ?

ሁዜይፋ፦ ሄደ። «ደርሶናል» ብለዋል።

ሀዲያ፦ አልሐምዱሊላህ። [ለመሄድ ይነሳሉ፤ በሩ ላይ ዞር ይላሉ] ሁዜይፋ፣ ያ ከማንም ጋር መነጋገር የማያስፈልገው ሥራ ምን ነበር?

ሁዜይፋ፦ [ስክሪኑን እየጠረገ] ሰሃን ማጠብ።