የእትዬ ዘውዲቱ እርማት

ሳይጠየቁ የሚያርሙ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? ክፉዎች ቢሆኑ መሸሽ ይቻል ነበር። ተስፋ የሚያስቆርጠው ደጎች መሆናቸው ነው።

በከተማችን በሞላሌ ጎረቤታችን የሆኑት እትዬ ዘውዲቱ ከእነዚህ አንዷ ናቸው። ጠጅ በመጣል የሚስተካከላቸው የለም። አጎቴ ደግሞ ውጭ አገር፣ ወይን መጥመቅ ከአባት ለልጅ ሲወርድ በኖረበት ቤተሰብ ዘንድ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቶ ለፋሲካ መጣ። በኦክ እንጨት በርሜል ለዓመታት ራሱ ያቆየውን፣ እንደ ሻምፓኝ አረፋ የሚያወጣ ወይን አንድ ጠርሙስ ይዞ ነበር። "አባባ የእጄን ሥራ ይቅመሱልኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም" ይለኝ ነበር። አባባ የሚላቸው አባቱ፣ የእኔ አያት፣ ሰማንያን አልፈዋል። ሁለተኛ ጠርሙስ የለም።

ቅዳሜ እኛ በግ ልንገዛ ገበያ ስንወጣ፣ እትዬ ዘውዲቱ ጠላችንን ሊያዩልን ገቡ። ጠርሙሱንም አዩ። አፉ ላይ የታሰረውን ሽቦ ቢፈቱት ቡሹ ጣሪያ መታ፤ አረፋው ገነፈለ። ታዲያ አንዲት ጎበዝ ጠማቂ ምን ታስብ? ወደ ማሰሮ ገለበጡትና ቤታቸው ወስደው በጨርቅ ሸፍነው አሳደሩት።

በማግስቱ ማሰሮውን ይዘው መጡ።

"አንተ ልጅ፣ ፍላቱ ሳይሰክን ለሽማግሌ ሆድ ልትሰጥ ነበር? አስክኜልሃለሁ!"

አጎቴ አመድ መሰለ። አያቴ አረፋው ጠፍቶ የሞተውን ወይን አንዴ ተጎነጩ፤ ልጃቸውንም በሐዘኔታ አዩት።

"አይዞህ ልጄ፣ አሁን አገርህ ገብተሃል። መጥመቁን ዘውዲቱ ታስተምርሃለች።"

"ኧረ በደስታ!" አሉ እትዬ ዘውዲቱ።

"እሺ አባባ" አለ አጎቴ። ሌላ ምን ይበል?