ጋሽ ሽታሁን እና አሥራ አራቱ የቀበሮ ዘሮች

በዚህች አገር በየከተማው፣ በየቀበሌው፣ በየግቢው ምንም ነገር የማይጥል አንድ ሰው አለ። እናንተ ሰፈር ከሌለ ምናልባት እናንተው ናችሁ። የቢቸናው ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ በዚህ ከማንም ጋር አልደራደርም። ክቡር አቶ ሽታሁን ይባላሉ። እኛ ቡና ቤት ውለን የምናድር ሰዎች «ሊቀ ማኅደር» ብለን ሾመናቸዋል። ሹመቱን ሰምተው አልተቃወሙም፤ የጻፍንበትን የናፕኪን ቁራጭ ግን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

የጋሽ ሽታሁን ፍልስፍና ሁለት ቃል ነው፦ «ይቀመጥ፤ ይፈለጋል።» ጨርቁ አልቆ ሽቦው የቀረ ጃንጥላ፣ ይቀመጥ። ባልና ሚስቱ ከተፋቱ አሥር ዓመት ያለፈው የሰርግ ጥሪ ካርድ፣ ይቀመጥ። «ቢታረቁስ?» ይላሉ። ከደጀን ቢቸና የተመላለሱበት የአውቶቡስ ትኬት ሁሉ በላስቲክ ታስሮ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ስንቄ «ጣለው ብዬ አልጫነውም፤ ሠላሳ ዓመት እኔም የኖርኩት በዚሁ ሕግ ነው» ይላሉ።

እግዜርም ቀልድ ስለሚያውቅ ለእኒህ ሰው የሚሆን ሥራ ሰጣቸው። ጋሽ ሽታሁን የከብት አዳቃይ ናቸው። ትልቅ የወተት ቢዶን የሚመስል መያዣ አላቸው፤ ውስጡ ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ናይትሮጅኑ ውስጥ ደግሞ በቀጫጭን ቱቦ የታሸገ የምርጥ ኮርማ ዘር። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች መቶ ዘጠና ስድስት ዲግሪ ነው። ይህን ቁጥር ሲናገሩ ሌላው አባት የልጁን ምርቃት ሲያወራ የሚሆነውን ይሆናሉ። «እዚህ ውስጥ ጊዜ የለም» ይሉናል። «ኮርማው ሞቷል፣ ቆዳው ጫማ ሆኗል፣ ጥጃው ግን ገና ሊወለድ ነው።»

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ጠዋት፣ ማኪያቶዬን በአኩሪ አተር ወተት እያማረርኩ ስጠጣ፣ ስልካቸው ጮኸ። ሞጣ የተመደበችው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ንጋት ነበረች። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ስለሚያወሩ ቡና ቤቱ ሁሉ ሰማ።

«ጋሼ፣ ቀይ ቀበሮ ነው። ከጮቄ ተራራ በኩል ገበሬዎች አመጡልኝ። ውሻ ነክሶት ሞቷል። ወንድ ነው።»

ቀይ ቀበሮ በዓይኑ ያየ ሰው መካከላችን አልነበረም። እንደ ጠፋ ነበር የምናወራው።

«ከሞተ ስንት ሰዓት ሆነው?»

«ሦስት።»

«የዘር ፍሬዎቹን አውጥተሽ በረዶ ላይ አድርጊያቸው፤ ውኃ እንዳይነካቸው። መጣሁ።»

ሞተር ብስክሌታቸው ላይ መያዣውን አቅፎ የሚቀመጥ ሰው አስፈለገ። ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ፤ ሥራ ፈት መሆኔ የታወቀ ነው። ከቢቸና እስከ ሞጣ ያንን ብረት አቅፌ ተጓዝኩ። ሚስቴን እንዲያ አጥብቄ አቅፌ አላውቅም፤ እሷም ይህን ሰምታ አረጋግጣለች።

ሞጣ ስንደርስ የጎደለው እንቁላል ነበር። ዘሩ በቅዝቃዜው እንዳይጎዳ ከእንቁላል አስኳል ጋር ይቀላቀላል። ጾም ስለሆነ በየቤቱ እንቁላል ተከምሯል፤ ከክሊኒኩ ጎን ያሉትን እትዬ ወለተ ኢየሱስን ጠየቅናቸው።

«በጾም እንቁላል ለምናችሁ ነው?»

«ለቀበሮ ነው፣ እትዬ» አልኩ።

«ዶሮዬን ሲበላ ኖሮ፣ ሞተ ሲባል ደግሞ እንቁላል ልስደድለት?»

ጋሽ ሽታሁን ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ይኼኛው ፍልፈል ነው የሚበላው፣ እመቤቴ። ደግሞ የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም።»

ሴትዮዋ ትንሽ አሰቡ። «የመጨረሻው ከሆነማ» ብለው ትልልቁን መርጠው አራት ሰጡን።

ዶክተር ንጋት ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ቆየች። «ይንቀሳቀሳል፣ ጋሼ» አለች። እሳቸውም ሊያዩ ተጠጉ፤ መስታወቱ ደበዘዘባቸው። ትንፋሼ ነው አሉ። እኔም ትንፋሽ ነው ብዬ ልጻፍላቸው። አሥራ አራት ቱቦ ሞልተው፣ አቀዝቅዘው፣ ከኮርማዎቹ ዘር ለይተው አስገቡት።

ስንመለስ መንገድ ላይ «ሴቲቱስ?» አልኳቸው።

«ትገኛለች።»

«የት?»

«ጮቄ።»

«ጋሼ፣ ጮቄ ላይ ያለው ድንች ነው።»

«ከድንቹ በላይስ?»

«ገብስ።»

«ከገብሱ በላይስ?»

መያዣውን ጠበቅ አድርጌ አቀፍኩ።

«አየህ፣ ትንሽ ቦታ አለ» አሉ።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ልናዘዝ። እኔ ወሬውን በቢቸና ነዛሁት። ስነዛውም አሥራ አራቱን ቱቦ አሥራ አራት ቡችላ አስመሰልኩት። ቢቸና ደግሞ ሰው ቤት አዲስ ነገር ገብቶ ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነው። አራስ ይጠየቃል፣ ምሩቅ ይጠየቃል፣ የበረደው ቀበሮም ተጠየቀ። ሰው ዳቦ ይዞ፣ ጠላ ይዞ «እንኳን ደስ ያለዎት» እያለ መጣ። የመጣ ሰው ደግሞ ሳያይ አይሄድም። ክዳኑ ሲነሳ ነጭ ጉም ይግተለተላል፤ ይህን አይቶ «እስቲ አንዴ ድገሙት» የማይል ጎጃሜ ገና አልተወለደም።

እማሆይ አመተ ሥላሴ ከመርጡለ ማርያም ድረስ መጥተው በጉሙ ላይ አማተቡ። እኔ ብቻዬን አስተማሪዎችን፣ የጤና ጣቢያውን ሰዎች፣ ከየጁቤ የመጡ ሁለት ነጋዴዎችን አስጎብኝቻለሁ። ጋሽ ሽታሁንም ለእያንዳንዱ እንግዳ «ይኼ ክዳን በተከፈተ ቁጥር ናይትሮጅኑ ይተናል» እያሉ፣ ክዳኑን ከፍተው ይዘው፣ በሰፊው ያስረዳሉ።

ዶክተር ንጋት ደውላ ተቆጣች። «ምነው እምቢ ቢሏቸው፣ ጋሼ?»

«መነኩሴ ደጄ ድረስ መጥተው? ምን ብዬ ነው እምቢ የምለው፣ ልጄ?»

በዚህ መሀል መንገድ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ የእኛ አገር ሰው ያውቃል፤ ሌላው ይገምት። ከባሕር ዳር ናይትሮጅን የሚያመጣው መኪና ቀረ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አራት ሳምንት። ጋሽ ሽታሁን በየጠዋቱ ቀጭን እንጨት ወደ መያዣው ሰደድ አድርገው ያወጣሉ፤ ናይትሮጅኑ የነካው ቦታ አመዳይ ይይዛል፤ እሱን በጣታቸው ይለካሉ። አሥራ አንድ ጣት ነበር። ሰባት ሆነ። ቡና ቤት ሲገቡ ማንም «ደህና አደሩ» አይልም፤ «ስንት ጣት?» ነው። አራት ሲሉን ዶሚኖው ቆመ። ጥየቃውም ያን ጊዜ ቀረ፤ ከጥፋት በኋላ ሁላችንም ጨዋ ነን።

ሦስት ጣት በቀረ ዕለት ወይዘሮ ጥሩአየሁ መጡ። ያለቻቸው አንዲት ላም ነች፤ እሷም ዛሬ ኮርማ ፈልጋለች።

«ሃያ አንድ ቀን ብንጠብቅ ትመለሳለች፣ እቴ» አሏቸው ጋሽ ሽታሁን። ሲለምኑ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«በሃያ አንድ ቀን ናይትሮጅኑ ይኖራል?»

እጃቸው ወደ ክዳኑ ሄደ። እኔ ከኋላ እጄን አወዛወዝኩ፣ አይክፈቱ ለማለት። አዩኝ። «ላሚቱ እዚህ ቆማለች» አሉኝ ቀስ ብለው። «የቀበሮይቱን ቤት አላውቀውም።» ክዳኑን አነሱት።

ከስድስት ቀን በኋላ እንጨቱ ደርቆ ወጣ። አመዳይ የሚባል አልነበረበትም። እንጨቱን ገልብጠው በሌላኛው ጫፍ ሞከሩ። ያም ደረቅ ነበር። ዶክተር ንጋት በስልክ «ከቀለጠ አበቃ ጋሼ፣ ያስወግዱት» አለቻቸው። አሥራ አራቱን ቱቦ ጓሮ ቆፍረው ቀበሯቸው። ወይዘሮ ስንቄ በር ላይ ቆመው «በስንት ዓመቱ አንድ ነገር ቢጥል፣ ይኼን ይጣል?» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እኔ ለወትሮው ለሁሉም ነገር ቀልድ አላጣም። ያን ቀን ፈልጌ አጣሁ።

መንገዱ ሲከፈት መኪናው መጣ፤ መያዣው ሞላ፤ የወይዘሮ ጥሩአየሁ ላምም ይዛለች። ሰው እንደሚለው ሁሉ ነገር ወደ ቦታው ተመልሷል። ጋሽ ሽታሁን ግን ሐሙስ ሐሙስ ወደ ጮቄ ይወጣሉ፤ ከኋላቸው እኔ አለሁ። ቡና ቤት ሲጠይቁኝ ለሳንባዬ ነው እላለሁ። ብርዱን አልገልጸውም፤ እኔ ባጋንነው እንኳ አይደርስበትም። እስካሁን ያገኘነው ድንች ነው።

ባለፈው ሐሙስ ሽቅብ ወጥተን ጭቃ ላይ ዱካ አዩ። ተንበረከኩ። በጣታቸው ለኩት፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«የውሻ ነው» አሉ።

የውሻ ነበር። ውሻው ራሱ ከታች ካለው ጎጆ ደጃፍ ቆሞ ያየናል።

«ዱካው ለውሻ ግን አልጠበበም፣ ጋሼ?» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ዞር ብለው ውሻውንም አዩት። ከዚያ ከኪሳቸው ሜትር አወጡና «እስቲ ያንን ጫፍ ያዝልኝ» አሉ።

ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ያዝኩላቸው።