አኩሪ አተር የመረመረኝ ቀን

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም በሥራ ሰዓት፣ ሕልም አየሁ። እናቶችን ስለ ጥራጥሬ ሳሠለጥን ስምንት ዓመቴ ነው፤ አንዲት ፍሬ እንኳ በእጄ ቆልቼ አላውቅም። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሠልጣኞቹ እስኪሰበሰቡ ጠረጴዛው ላይ ጋደም ማለቴ ነበር።

ሳላስበው ሚዛን ላይ ተኝቻለሁ። ነጭ ጋዋን የለበሰ አኩሪ አተር መነጽሩን አስተካከለና «ከሥጋው መቶ ግራም ቁረጡ» አለ።

«ቀስ በሉ ጌታዬ፣ የልጆች አባት ነኝ!»

ሽምብራ ውጤቴን አነበበ። «ውኃ ስልሳ፣ ስብ ሃያ አምስት፣ ፕሮቲን አሥር፣ የቀረው ወሬ ነው።»

አኩሪ አተር ሆዱን መታ መታ አደረገ። «እኔ ከመቶው ሠላሳ ስድስት ያህሉ ፕሮቲን፣ ሃያው ዘይት ነኝ። ታውቀዋለህ?»

«በእንቅልፍ ልቤም እለዋለሁ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«እንግዲያው ቅመሱት!»

ምስር ጆሮዬን ነከስ አድርጋ ተፋችው። «ጥሬ ነው!»

በጣም አፈርኩ። ከዚያ ችሎት ፊት ቆምኩ። የባቄላ ሕፃናት ማንኪያ ይዘው ተደርድረዋል፤ በሩ ላይ ከረባት ያሰረ በሬ ምራቁን ይውጣል።

«አንድ ጥያቄ ከመለስክ ለሕፃናቱ ምግብ ትሆናለህ» አለ አኩሪ አተር። «ካልመለስክ መኖ ነህ። እናቶች እኔን ከማስፈጨታቸው በፊት ምን ያደርጉኛል?»

ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። «በመጀመሪያ ደረጃ፣ ጉዳዩን ከዓለም አቀፍ ሁኔታ አንጻር ስናየው...»

በሬው አፉን ከፈተ። «ኧረ በእመብርሃን!» ብዬ ጮህኩ።

ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ እትዬ ትርንጎ፣ ትከሻዬን ይዛ ትነቀንቀኛለች። አዳራሹ ባዶ ነው።

«ጋሼ መንበሩ፣ ይነሡ እንጂ፤ ስምንት ሰዓት ሆነ!»

«እናቶቹስ? ሥልጠናው?»

«እናቶቹ ይዘዋቸው የመጡት ሕፃናት እንዳይራቡ ብዬ እኔው አሳየኋቸው። አኩሪ አተሩን ቆልተን፣ ከክተን፣ ከገብስ ጋር አስፈጭተን አገነፋን። በልተው ሄዱ። እርስዎን መቀስቀስ ከበደን፤ ደክሞዎት ነው ብለን።»

የስም መቆጣጠሪያውን ስትዘረጋልኝ እስክሪብቶዬን አወጣሁና የአሠልጣኙን ቦታ ፈለግኩ። እሷ የአውራ ጣቷን አሻራ አሳርፋበታለች።

«እዚያማ ተፈርሟል» አለች። «ከሠልጣኞቹ ሥር፣ ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ ክፍት ነው።»

ፈረምኩ።