ባለቤቷን ያደሰች መኪና

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ ዶክተር ናሁሠናይ በገዛ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ጣለውና ሕልም አየ። ያን ሕልም ባስታወሰ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሙ ይፈላል።

ናሁሠናይ የጥርስ ሐኪም ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ጥርስ ሲቦረቡርና ሲወለውል ይከርምና እሑድ ሲመጣ አሮጌ ቱታውን ለብሶ መኪናውን ሊወለውል ወደ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ይወርዳል። መኪናዋ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ በዕድሜ ከእሱ ብዙም የማታንስ የስፖርት መኪና ናት። ሲገዛት አንድ ጓሮ ውስጥ ቆማ ዶሮ ታሳድር ነበር። ጋራዥ ወስዷት አያውቅም፤ ሁሉን በገዛ እጁ ነው የሠራላት። ዝገቷን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ራሱ ቀለም ቀባት። ሞላዋን አሳጥሮ ወደ መሬት ዝቅ አደረጋት። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋን ቀይሮ፣ ስትነሣ ሰፈሩ ሁሉ በመስኮት ብቅ እንዲል አደረገ። ከኋላዋም ክንፍ ገጠመላት። እሱ "ቀዮ" ይላታል። ሚስቱ ትርሲት ግን በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ "ያቺ" ነው የምትላት።

የዚያን ዕለት ጠዋት ባልና ሚስቱ ተጋጭተው ነበር። የትርሲት አባት ጋሽ መንበሩ ወገባቸውን ታመው ከሰነበቱበት ሆስፒታል የሚወጡበት ቀን ነው። ትርሲት ልታመጣቸው ለባብሳ ስትወርድ፣ ናሁሠናይ የመኪናዋን የኋላ ወንበር ፈትቶ አስፋልቱ ላይ አስቀምጦታል። መኪና ሲቀል ይፈጥናል ብሎ ነው። ትርሲት ወንበሩን አየችው፤ ከዚያ ባዶውን ቦታ አየችው። አባቷን የት እንደምታስቀምጣቸው ጠየቀችው። ከፊት ይቀመጣሉ አላት።

"እኔስ?" አለችው።

ጎንበስ ብሎ የፈታቸውን ብሎኖች ይለቅም ጀመር። እሷም ኮንትራት ታክሲ ጠርታ ብቻዋን ሄደች። እሱም ጥላው በመሄዷ ተናደደ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ አጎንብሼ ስውል አንድ ቀን እንኳ ደስ ያለኝን ብሠራ ምን አለበት እያለ እየተብሰከሰከ፣ መኪናዋን ሰም ቀብቶ፣ ወልውሎ፣ እስኪያብረቀርቅ ፈተገ። ሲደክመው ገብቶ መሪው ኋላ ተቀመጠና አንገቱን ደገፍ አደረገ።

ዓይኑ እንደተከደነ ቀዮ በሩን ከፈተችና እጁን ይዛ አወጣችው። መኪና እጅ ከየት አመጣች ብሎ አልጠየቀም።

"ና፣ እሑድ ነው፤ ልጠብህ" አለችው።

"ቀዮ፣ ምን ሆነሻል?"

"ቀዮ የሚሉኝ እኩዮቼ ናቸው። አንተ አንቱ በለኝ።"

ናሁሠናይ ከሁሉ በፊት የተናደደው በዚህ ነው። ዶሮ ስታሳድር ያገኛትን መኪና አንቱ ሊል ነው! ይህንኑ ሊነግራት አፉን ሲከፍት ግን አንገቱ ላይ ገመድ አስገብታ ወደ አደባባዩ ትጎትተው ጀመር።

መንገዱ ሁሉ ተገልብጧል። ሰዎች አስፋልቱን ሞልተው በአራት እግራቸው ይጋልባሉ፤ መኪኖች በእግረኛ መንገድ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው እያወጉ ይንሸራሸራሉ። ታክሲዎች ረጅም ሰልፍ ይዘው ሰው ይጠብቃሉ፤ አንድ ሰው ብቅ ሲል እየተጋፉ እላዩ ላይ ሊወጡ ይራኮታሉ፤ ሰውየው ደግሞ ሞልቻለሁ ብሎ ያልፋቸዋል። አደባባዩ መካከል አንድ አህያ ቆሞ ትራፊክ ፖሊሶችን በጆሮው እያስቆመ በጆሮው ያሳልፋል። አንዱ ፖሊስ ሳይፈቀድለት ሲሻገር ተይዞ፣ ባለቤቴ ታማ ነው እያለ አህያውን ይለማመጣል።

ቀዮ ናሁሠናይን ያቆመችው አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ነበር። መኪኖች ጠረጴዛ ከበው በማኪያቶ ብርጭቆ ዘይት ይጠጣሉ። ሁሉም የየራሱን ሰው ከጎኑ አስሯል። አንድ ግዙፍ ገልባጭ መኪና፣ ጥግ የቆመ ፂማም ሰውዬ እያሳየ የእኔ ኦሪጅናል ነው፣ ምኑም አልተነካም፣ ጥርሱ እንኳ የራሱ ነው እያለ ይኩራራል። ሰውየው አንገቱን ደፍቷል።

ቀዮ ናሁሠናይን አስፋልቱ ላይ አቁማ በቧንቧ ረጨችው። ራሱን በሳሙና አሸችው፤ ጆሮውን በኮምፕረሰር ነፋችው። ብርዱና እፍረቱ ባንድ ላይ አንዘፈዘፉት። ይህንንም ቻለው። በኋላ ግን ብርጭቆ ወረቀት አውጥታ ግንባሩን መፈግፈግ ጀመረች። ግንባሩ ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ ያለ ጠባሳ አለው።

"እሱን ተይው" አላት።

"ጭረት ነው። ስቱኮ ሞልቼ እቀባዋለሁ።"

"ጭረት አይደለም። ልጅ ሆነን ከወንድሜ ጋር በርሜል ውስጥ ገብተን ከኮረብታ ስንንከባለል ነው የተፈነከትኩት። ወንድሜ ሞቷል። ያን ቀን የሚያስታውስ ሰው ከእኔ በቀር የለም።"

"አሁን በሩቁ ነው የሚታየው" አለች ቀዮ፣ ለእሱ ሳይሆን ለካፌው ታዳሚ። "ሲጠፋለት ደግሞ አሥር ዓመት ይቀንሳል።"

ስቱኮውን ሞላችበትና በመዳፏ አስተካከለችው። ናሁሠናይ በግንባሩ ላይ ቅዝቃዜው ሲደርቅ ተሰማውና የወንድሙን ፊት ለማስታወስ ሞከረ። ፊቱ አልመጣለትም። ያን ጊዜ ሊመታት እጁን አነሣ። እሷ ግን ከቁመቱ ቀንሳለት ኖሮ እጁ አልደረሰም። መቼ እንደሆነ አያውቅም፣ እግሮቹን ከጉልበቱ በታች አሳጥራቸዋለች። ሰው ወደ መሬት ሲጠጋ ያምርበታል እያለች ለአንዲት ነጭ ሚኒባስ ታስረዳለች። ሚኒባሷም የኔንም እንዲህ አርጊልኝ እያለች ትለምናታለች።

ናሁሠናይ መጮህ ጀመረ። ማን ፈቀደልሽ፣ እኔ ዶክተር ነኝ፣ ቤት አለኝ፣ ሚስት አለኝ አለ። ቀዮ አገጩን ይዛ አፉን ከፈተችውና ወደ ጉሮሮው ተመለከተች። ድምፁ ቀጭን መሆኑ ሁልጊዜ ያሳፍራት እንደነበር ነገረችው። ከዚያም የሚያብረቀርቅ ማርሚታ አምጥታ ጉሮሮው ውስጥ ገጠመችና በብሎን አጠበቀችው።

ከዚያ ወዲያ የተናገረው ሁሉ ግሳት ሆኖ ወጣ። ተይኝ ሲል አገሳ፤ አንቺ ዓይን አውጣ ሲል ይበልጥ አገሳ። የካፌው መኪኖች ሁሉ ፍሬቻቸውን እያብለጨለጩ አጨበጨቡለት። በተናደደ ቁጥር ድምፁ ያምራል፤ ድምፁ ባማረ ቁጥር ያጨበጭባሉ። ያ ጭብጨባ አንጀቱን አቃጠለው። ተሰድቦ ቢሆን ይሻለው ነበር።

"የመጨረሻው ነው" አለች ቀዮ። "ይከብዳል፤ ላቀልለው።"

ደረቱን እንደ ኮፈን ወደ ላይ ከፈተችው። አልደማም፤ አላመመውምም። መጀመሪያ ያወጣችው ይሉኝታውን ነው። ውኃ እንደጠጣ ጋቢ ከብዷት በሁለት እጅ ጎትታ አስፋልቱ ላይ ጣለችው። በዚያ የሚያልፍ አንድ ቆራሌ አነሣና፣ ማን ይወስድልኛል እያለ በየበሩ ይዞት ዞረ። ማንም አልፈለገውም።

ቀጥላ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። በናሁሠናይ ደረት ውስጥ አንድ ወንበር ነበር። በወንበሩ ላይ ጋሽ መንበሩ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሽማግሌው የናሁሠናይ አማት ብቻ አልነበሩም። እሱና ትርሲት ገና ሳይጋቡ፣ ቤት አልባ ተማሪ ሳለ፣ ሳሎናቸው ውስጥ አስተኝተው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ቀዮ ግን ይህን ሁሉ አታውቅም፤ ቁልፍ አንሥታ የወንበሩን ብሎን መፍታት ጀመረች።

"ተነሣ ካላችሁኝ እነሣለሁ ልጆቼ" አሉ ጋሽ መንበሩ በትሕትና። "ወገቤ ነው እንጂ እምቢ የሚለኝ።"

ናሁሠናይ አባባ ይቀመጡ ሊላቸው ፈለገ። አገሳባቸው። ሽማግሌው ደንግጠው ባርኔጣቸው ከጉልበታቸው ወደቀ።

እዚህ ላይ ትዕግሥቱ አለቀ። ወንበሩን ከነሽማግሌው ከገዛ ደረቱ ነቅሎ ጀርባው ላይ አዘለውና በእነዚያ አጫጭር እግሮቹ መሮጥ ጀመረ። ጋሽ መንበሩ ከላይ ሆነው ቀስ በል ልጄ ይሉታል። ቀስ አላለም። አቤት የሚባልበት ቢሮ ያለው ፎቅ ጋ እስኪደርስ አልቆመም።

በበሩ ላይ ሹማምንቱ ክራቫታቸውን አጥብቀው፣ ፀሐይ እያቃጠላቸው ተሰልፈዋል። ባለጉዳዮች ውስጥ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። አንዲት ሴት ናሁሠናይን ከነሽክሙ አስገብታ ትልቅ ጠረጴዛ ኋላ አስቀመጠችውና የመጀመሪያውን ሹም ጠራችለት። ሹሙ ኮቱን ቆልፎ እጅ ነሣ። ለዚህ ጉዳይ ሲመላለስ ፀጉሩ መሸበቱን፣ አንድ ባለጉዳይ እንኳ ቀና ብሎ አይቶት እንደማያውቅ እያለቀሰ ተናገረ። ናሁሠናይ እኔም እኮ አቤት ልል ነው የመጣሁት፣ እኔን ነው የበደሉኝ ሊለው ሞከረ። ክፍሉን የሚያናውጥ ግሳት ወጣው።

"ነገ ተመለስ ማለትዎ ነው?" አለ ሹሙ።

ናሁሠናይ አይደለም ብሎ አገሳ። ሹሙ እንባውን በክራቫቱ ጠርጎ፣ እሺ ጌታዬ ብሎ ወጣ። የሚቀጥለው ገባ።

ጋሽ መንበሩ በዚህ መካከል አጎንብሰው በጆሮው ጠየቁት።

"ልጄ፣ ትርሲት የት ናት? እሷስ የት ተቀመጠች?"

ናሁሠናይ ሊመልስላቸው ፈለገ። የማርሚታውን ብሎን ሊፈታ ጣቱን ጉሮሮው ድረስ ከትቶ ሲታገል፣ ቀዮ በሩን በፊት ፓራውልቷ ገፋ አድርጋ ገባች። ክሪክ ይዛለች። ያልጨረስኳት ትንሽ ሥራ አለች፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ አላደክምህም አለችው። ከሥሩ ክሪኩን አስገብታ ማንሣት ጀመረች። በአንድ ጎኑ ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ከዚያ በሌላው ጎኑ ከፍ አለ። እንደ ሕፃን ተሸክመው የሚያስተኙት ያህል ደስ የሚል ነገር ነበረው። ከደረሰበት ግፍ ሁሉ ያንገበገበው ይሄ ነው፤ እየበደሉት መመቸቱ። በሳንባው ያለውን አየር ሁሉ ሰብስቦ፣ ማርሚታው ቢፈነዳም ይፈንዳ ብሎ አፉን ከፈተ፤

ከሥሩ አንድ ነገር ጓ አለና ነቃ።

ፀሐይዋ የፊት መስታወቱ ላይ ዘንበል ብላለች። ላብ አጥምቆታል። ቶሎ ብሎ ግንባሩን ዳሰሰ፤ ጠባሳው አለ። ከግቢው በር በኩል አንዲት ነጭ ፒክአፕ እየተጣደፈች ስትወጣ ታየችው። የግቢው ዘበኛ አቶ ደበላ ደግሞ በመስኮቱ አጠገብ ቆመው፣ እጃቸውን እያራገፉ በፈገግታ ያዩታል።

በሩን ከፍቶ ሊወርድ እግሩን ሲዘረጋ መሬቱ ከጠበቀው ቦታ አልነበረም። ጎንበስ ብሎ አየ። መኪናዋ በድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አራቱም ጎማዎች የሉም።

ምን እንደተደረገ ጠየቃቸው። አቶ ደበላም አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት። ሰዎቹን በር ላይ አስቁመው ጠይቀዋቸዋል፤ ሥራቸውን እንዲህ በዋዛ የሚያዩ ሰው አይደሉም። ሰዎቹ ግን ዶክተሩ ልከውን ነው፣ ይኸው ውስጥ አሉ ብለው አሳዩአቸው። ጠዋቱን ሙሉ ሲሠሩ ስለዋሉ አትቀስቅሷቸው፣ ያሳዝናሉ አሉ። ጨዋ ልጆች ናቸው። በሹክሹክታ ነበር የሚነጋገሩት። አቶ ደበላም ኳስ የሚጫወቱትን የግቢውን ልጆች ዶክተሩ ተኝተዋል ብለው በትነው፣ ተመልሰው ድንጋይ አቀበሏቸው።

ናሁሠናይ ሊናገር አፉን ከፈተ። 

"ሞተሩን ነገ ጠዋት መጥተን እንወስዳለን ብለዋል" አሉ አቶ ደበላ። "እርስዎ ይኖራሉ ወይስ ቁልፉን ለእኔ ይተዉልኛል?"