ሰምቶ የመጣ ያስታውቃል

ከራሳቸው በቀር ማንንም እንድትሰማ የማይፈቅዱ አስተማሪ ያላጋጠሙት ሰው የለም፤ አለ ከተባለም ተምሮ የማያውቅ ነው። ልብስ ስፌት የሚያስተምሩ ከሆነ ሌላ ሰው የሰፋውን ቀሚስ ቀና ብለህ እንድታይ አይፈልጉም። መኪና የሚያስተምሩ ከሆነ ወንድምህ ያሳየህን ሁሉ መጀመሪያ ያስረሱሃል። የባሕር ዳሯ ክብርት ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ግን ከሁሉም ይብሳሉ። ሹም አቦ ሰፈር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸው ፒያኖ ያስተምራሉ፤ ሕጋቸውም አንድ ነው። አዲስ ሙዚቃ የተሰጠው ተማሪ ከወረቀቱ አንብቦ ከዳር እስከ ዳር ሳይጫወተው፣ ከእሳቸው በቀር ሌላ ሰው ሲጫወተው መስማት አይችልም። በስልክም፣ በሬዲዮም፣ በመንገደኛ ፉጨትም።

«ወረቀቱ አፍ አለው» ይላሉ።

ሕጉን የጣሰ ተማሪ እሳቸው ዘንድ አጥፊ አይባልም፤ ታማሚ ነው። የሰው አጨዋወት እንደ ጉንፋን ይጋባል ብለው ያምናሉ። ተማሪ ሲገባ ስልኩ በር አጠገብ ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ የአራት ሰው ስልክ በአንዴ ሲንቀጠቀጥ ቆርቆሮው ብቻውን ተራምዶ ከጠረጴዛው ሊወርድ ይደርሳል። ባጃጅ ዘፈን ከፍቶ ባለፈ ቁጥር መስኮት ይዘጋል። ጎረቤት ሰርግ የደገሰ ዕለት ትምህርት የለም። የሆቴል እንግዳ ተቀባይዋ ሩሐማ አንድ ቀን ትምህርቷን በሚገባ ተጫውታ ስትጨርስ፣ እትዬ ፅጌ መነጽራቸውን አወለቁ። አራተኛው መስመር ላይ ቀስ ብለሻል፣ ወረቀቱ ቀስ በይ አላለሽም፣ ከማን ተጋባብሽ? አሏት። ሩሐማ ካደች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ የሰማችበትን የዩቲዩብ ቻናል ስም ተናገረች።

ሙኽታር በእኚህ ሴት እጅ የወደቀው በሙያው ሰበብ ነው። የአርባ አንድ ዓመት ጀልባ ሠሪ ነው፤ አባቱም ጀልባ ሠሪ ነበሩ። ባለፈው ክረምት የጣና እርጥበት የፒያኖውን ክዳን አሳብጦ አልከፈት ሲል አስጠሩት። ክዳኑን ላገ፣ ማጠፊያውን ዘይት ቀባ፤ እሳቸውም ፒያኖው ደህና መሆኑን ለማየት ተቀምጠው ተጫወቱ። መላጊያውን ከረጢት ውስጥ እየከተተ የነበረው ሙኽታር እጁ አየር ላይ ቀረ። ሲጨርሱ፣ ይህን ነገር በአርባ ዓመቱ የጀመረ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቃቸው። እጁን ተቀብለው እንደ ገበያ ዕቃ ገልብጠው አዩት፤ መጥረቢያ ያገኛትን የግራ ትንሽ ጣቱን ሁለት ጊዜ አጠፍ ዘርጋ አደረጓትና ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ እንዲመጣ ነገሩት።

ኖታ ማንበብ መከራ ሆነበት። ሙኽታር በጆሮው የሚሠራ ሰው ነው። ሳንቃ በጣቱ አንኳኩቶ ውስጡ እርጥብ ይሁን ደረቅ ያውቃል፤ ከንድፍ ላይ እያየ ጀልባ ሠርቶ አያውቅም። አንድ ሐሙስ ይህንኑ አንስቶ ተከራከራቸው። አባቱ ወረቀት አሳይተውት እንደማያውቁ፣ ሲሠሩ እያየና እየሰማ እንደተማረ ነገራቸው።

«ለዚህ ነዋ ጀልባህ ሁሉ የአባትህን ጀልባ የሚመስለው» አሉት።

እንደ ሙገሳ ሊወስደው ፈልጎ ነበር። ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ግን ሙገሳ እንዳልሆነ ገባው። ሳምንቱን ሙሉ የሐይቁ ዳር ላይ የታሰሩትን የእጁን ሥራዎች አንድ በአንድ ሲያይ ሰነበተ። እውነትም፣ ቀለማቸው ባይለያይ የትኛው የማን እንደሆነ ባለቤቶቹም አይለዩትም።

ስለዚህ ታዘዘ። ተማሪዎቹ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ሩሐማ በምትሠራበት የሐይቅ ዳር ሆቴል አዳራሽ ለቤተሰብ ይጫወታሉ፤ ለእሱ የደረሰው የሁለት ገጽ ዋልዝ ነበር፣ አንድ ሁለት ሦስት እየተባለ የሚቆጠር የፈረንጅ ጭፈራ። ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ ያም እንደገና ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የነጣ ነው። ሦስት ወር በየመስመሩ ተንፏቀቀ። እትዬ ፅጌ ሲያሳዩት ዝግ ያለ፣ የቆዘመ ሙዚቃ ነው፤ ነፋስ በሌለበት ቀትር ጣናን ቁጭ ብሎ እንደማየት። ሙኽታር ወደደው። ሊጨርሰው ትንሽ ሲቀረው ግን አንዲት ቦታ ላይ ግራና ቀኝ እጁ አንገናኝ አሉት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ያላለቀ ጀልባ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ፣ ያቺን ቦታ ብቻ ልስማት ብሎ ስልኩን ከፈተ።

መጀመሪያ የተሳሳተ ሙዚቃ የከፈተ መሰለው። የሚሰማው ነገር ይሮጣል፣ ይቦርቃል። ድምፆቹ ግን የሚያውቃቸው ናቸው። ሌላ ሰው የተጫወተውን ከፈተ፤ እሱም ይሮጣል። ሦስተኛውም። ወረቀቱን አውጥቶ ስልኩ ላይ ከሚታየው ኖታ ጋር አስተያየው። ስልኩ ላይ ባለው ወረቀት አናት ላይ ፍጥነቱን የምትናገር አንዲት ቃል አለች። እሱ እጅ ባለው ላይ የለችም፤ ኮፒ ሲደረግ ላይኛው ጠርዝ ተቆርጧል። እትዬ ፅጌ ማርያም ይህን ሙዚቃ አርባ ዓመት ሙሉ በግማሽ ፍጥነት ሲጫወቱትና ሲያስተምሩት ኖረዋል።

ሙኽታር እንደ ሌባ ዙሪያውን ቃኘ።

ነገሩ ከጉንፋን በላይ ነው። ቢናገር ሕግ ማፍረሱ ይታወቃል፤ እሱስ ይሁን። የሰባ አንድ ዓመት አስተማሪን ተሳስተዋል ማለት ግን ከአፉ አይወጣም። ዝም ቢልና ከታዳሚው አንድ አዋቂ ቢገኝ ደግሞ፣ በሰው ሁሉ ፊት የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው። ሚስቱ ሳዲያ ሁለት ቀን ስታየው ቆይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ሲነግራት ሳቀች። ከዚያ፣ እትዬ ፅጌ ፊቱን አይተው ማወቃቸው ስለማይቀር ቀድሞ ቢናገር እንደሚሻለው መከረችው።

ሐሙስ ዕለት ስልኩን እጁ ላይ እንደያዘ ገባ።

«እትዬ፣ ሰማሁት» አላቸው።

ስንት ጊዜ እንደሰማ ጠየቁት። ሦስት አለ። ስለተቆረጠችው ቃልም ነገራቸው፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ራሱ የቆረጣት ይመስል። እትዬ ፅጌ ስልኩን አዩት። ከዚያ እንዲከፍተው አዘዙት። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ሲያልቅ አስደገሙት።

«ጎርጎራ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ይህን ወረቀት ይዤ ሄድሁ» አሉ በመጨረሻ። «ፒያኖ የለ፣ ቴፕ የለ። ሁለት ዓመት ጠረጴዛ ላይ ተጫወትሁት። ድምፁን የሰማሁት በሐሳቤ ነው።» ወረቀቱን አንስተው የተቆረጠውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። «ለካ የደስታ ነው። አላወቅሁም።»

ሙኽታር የወደደው ዝግታውን እንደሆነ ሊነግራቸው አስቦ፣ ማጽናኛ እንዳይመስልበት ፈርቶ ተወው። ለዝግጅቱ የትኛውን እንዲጫወት ብቻ ጠየቃቸው። ሁለቱንም ሰምተሃል፣ እንግዲህ አንተ እወቅ አሉት። ከአፋቸው እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶ አያውቅም።

በሰኔው ዝግጅት ሙኽታር በዝግታ ተጫወተው። ያቺ አስቸጋሪ ቦታ ላይ እጆቹ እንደምንም ተገናኙ፤ ከኋላ የተቀመጠችው ሳዲያ ከሁሉ ቀድማ አጨበጨበች። የተፈራው አዋቂም አልቀረም፤ የአንዷ ተማሪ አባት፣ ኢንጂነር ዳኘው፣ ሻይ ሲቀርብ ስልካቸውን ዘርግተው መጡ። ሙዚቃው እንዲህ እንዳልሆነ፣ ትክክለኛው እጥፍ እንደሚፈጥን አስረድተው አሰሙት። ሙኽታር እንደ አዲስ ነገር በአክብሮት እስከ መጨረሻው ሰምቶ አመሰገናቸው።

«የጎርጎራው እንዲህ ነው» አላቸው።

ኢንጂነር ዳኘው ጎርጎራ የራሷ ዋልዝ እንዳላት ያውቁ ስላልነበር ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። እትዬ ፅጌ ሁለት እርምጃ ርቀው ብስኩት እያደሉ ነበር። ሰምተው እንደሆነ በፊታቸው አላስታወቁም።

በቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ፣ ሙኽታር ሊያንኳኳ እጁን እንዳነሳ ከውስጥ ፒያኖ ሰማ። ያው ዋልዝ ነው፤ ግን ይሮጣል። ሮጦ ይደናቀፋል፣ ይቆማል፣ ከመስመሩ መጀመሪያ ይነሳል፣ እንደገና ይደናቀፋል። ከውስጥ የሚጫወተው ሰው አንዴ በራሱ ሳቀ። ሙኽታር እጁን መልሶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ዝናብ ማካፋት ጀመረ፤ ከረጢቱን ራሱ ላይ አድርጎ ቆየ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሙዚቃው አንድ ጊዜ፣ ሳይቆም፣ እስከ መጨረሻው ደረሰ። ሙኽታር በልቡ እስከ አሥር ቆጠረና አንኳኳ።

እትዬ ፅጌ በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው ወዝቶ፣ ትንፋሻቸው ፈጠን ፈጠን ይላል።

«ዘገየህ» አሉት።

«ይቅርታ እትዬ» አላቸው፤ «መንገድ ላይ ሰው አቆየኝ።»